«ተቀበል!»፦ በምዕራብ ጎጃም የአዝማሪ ምሽትና ስሙ ያልተጻፈው ገጣሚ

1. መግቢያ

ቀኑን ሲያርስ ወይም ሲያጭድ፣ አለዚያም በገበያ ላይ በርበሬና ጤፍ ሲሸጥ የዋለ ሰው ማታ ጠጅ ቤት ይገባል። ከግድግዳው ሥር በተደረደረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ብርሌውን ይዞ፣ የአዝማሪውን ዜማ ሲያደምጥ ይቆያል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ሲዞር ቆይቶ ከፊቱ በደረሰ ጊዜ ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ተቀበል!» ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የቤቱ ገጣሚ አዝማሪው ሳይሆን ያ ስሙ በየትም ያልተጻፈ፣ በሥራው ገበሬ ወይም ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ ያዜምለታል፤ ቤቱም እንደ ግጥሙ ይስቃል፣ ያጨበጭባል ወይም ዝም ይላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች፣ ገና ያልታወቁ ዘፋኞችና ገጣሚዎች ስማቸውን አስመዝግበው በየተራ ችሎታቸውን የሚያሳዩበት፣ «ኦፕን ማይክ» የሚባል የምሽት ልማድ አለ። በአዲስ አበባም በራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው የግጥም በጃዝ ምሽት ብዙ ወጣት ገጣሚዎችን ከሕዝብ ጋር አስተዋውቋል። እንዲህ ያለው ክፍት መድረክ ከውጭ እንደመጣ አዲስ ነገር ሲወራለት ይሰማል። ዳሩ ግን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ገጠር ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። መድረኩ ከጥንት ጀምሮ ክፍት ነው፤ የመግቢያው ቃልም «ተቀበል» ነው።

ስለ አዝማሪ የተጻፉ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ዎልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. የአዝማሪዎችን የእርስ በርስ ቋንቋ መርምሯል። አሸናፊ ከበደም በ1975 እ.ኤ.አ. አዝማሪውን እንደ ገጣሚና ሙዚቀኛ አድርጎ ያቀረበበትን ጽሑፍ አሳትሟል። የእነዚህና የመሰል ሥራዎች ትኩረት ግን በአብዛኛው መሰንቆውን በያዘው ሰው ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ዓይኑን ከመሰንቆው አንሥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ሰው ያዞራል። ሊያሳይ የሚሞክረውም የ«ተቀበል» ሥርዓት አድማጭን ገጣሚ የሚያደርግ ተቋም መሆኑን፣ ይህም ተቋም የቆመው የሁሉም ሰው ድምፅ በእኩል በሚሰማበት ቤት ውስጥ መሆኑን፣ እንዲሁም የአዝማሪን ሙዚቃ «እንጠብቅ» ስንል ብዙ ጊዜ የምንጥለው ይህንኑ ክፍል መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ በምሳሌነት የቀረቡት ስንኞች ነገሩን ለማስረዳት ሲባል ጸሐፊው ራሱ የገጠማቸው ናቸው፤ ከማንም አዝማሪ ወይም አድማጭ የተወሰዱ አይደሉም።

2. ቦታውና ወቅቱ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። ከቡሬ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገንጥሎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። ሁለቱም በዙሪያቸው ላለው ለም አገር ገበያ ናቸው፤ ጤፉ፣ በቆሎው፣ በርበሬው፣ ማሩ ወደ እነርሱ ይጎርፋል። በሁለቱ መካከል ማንኩሳ ትገኛለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት ስለሆነች የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ ስሟን ያውቃል።

ይህ አቀማመጥ ለአዝማሪው ምሽት ትልቅ ጠቀሜታ አለው። በገበያ ቀን የሚሰበሰበው ሰው ከልዩ ልዩ ቀበሌ የመጣ ነው፤ ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ ከችሎት የተመለሰው ባለ ጉዳይ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛል። አዝማሪውም በአንድ ቤት የሚወሰን አይደለም፤ ከጠጅ ቤት ወደ ጠላ ቤት፣ ከከተማ ወደ ገጠር ሠርግ ይዘዋወራል። ሥራው የሚበረክትለት እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይም በጥር የሠርግ ወራትና ከፋሲካ በኋላ ነው። በሁዳዴ ጾም መሰንቆው ይሰቀላል፤ በክረምትም መንገዱ ጭቃ፣ ገበሬውም ሥራ ስለሚበዛበት ገበያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ምሽቱ ከእርሻውና ከቤተ ክርስቲያኑ የቀን አቆጣጠር ጋር ተያይዞ የሚሄድ ነው።

3. የምሽቱ ሥርዓት

ለእንግዳ ሰው ጠጅ ቤቱ ጫጫታ ብቻ ሊመስለው ይችላል። በቅርብ ሲታይ ግን ምሽቱ የራሱ የሆነ ቅደም ተከተል አለው።

በመጀመሪያ አዝማሪው ቤቱን ይመረምራል። ከቤቱ እመቤት ወይም ከአሳላፊው ማን እንደተቀመጠ፣ ከየት እንደመጣ፣ የሞተበት ወይም የተዳረለት ካለ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም የሰላምታና የውዳሴ ስንኞችን እያዜመ አንዱን «ጌታው»፣ ሌላዋን «እመቤቴ» እያለ በየተራ ይዞራል። ይህ መክፈቻ ከምስጋናም አልፎ ማንኛው አድማጭ ነቃ እንዳለ፣ ማንኛው እንደተኮሳተረ የሚለካበት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ «ተቀበል» ነው። ዘፋኟ ሴት ከሆነች «ተቀበይ» ይባላል። ሰጪው የመጀመሪያውን ስንኝ በንግግር ድምፅ ይናገራል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሳል። ሰጪው ሁለተኛውን ይጨምራል፤ አዝማሪው ሁለቱን አጣምሮ ያዜምና ወደ አዝማቹ ይመለሳል። አንዳንዱ ሰው ሁለት ስንኝ ሰጥቶ ይበቃዋል፤ ሌላው አራት፣ ስድስት እያለ ይቀጥላል። ካንደኛው ጥግ የተሰጠውን ግጥም በሌላው ጥግ ያለ ሰው በግጥም ሊመልስለትም ይችላል። ያን ጊዜ አዝማሪው በሁለት ገጣሚዎች መካከል የሚመላለስ መልእክተኛ ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ የአዝማሪው መልስ ነው። ግጥሙን ተቀብሎ ካዜመ በኋላ አዝማሪው ከራሱ ሊጨምርበት፣ ሊያለዝበው፣ ወይም ወደ ሰጪው ሊመልሰው መብት አለው። የአዝማሪው ችሎታ ከሁሉም ይልቅ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም ሽልማት ይመጣል። ሰጪው፣ ወይም ግጥሙ የነካው ሌላ ሰው፣ ተነሥቶ ገንዘቡን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ገንዘቡ ለዜማው የተከፈለ ቢሆንም የግጥሙ መድረስ ምስክርም ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ የከበረ ቃል ቢሆንም፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። በሕዝብ ፊት መሰንቆ ይዞ መዝፈን ለባላገር ልጅ የሚያሳፍር ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። የ«ተቀበል» ሥርዓት ይህን ችግር በብልሃት ፈትቶታል። ገበሬው አዝማሪ ሳይባል ገጣሚ ይሆናል፤ ስሙንና ወንበሩን ሳይለቅ ድምፅ ያገኛል። ነቀፌታውን የሚሸከምለት አዝማሪው ነው። ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

4. ማንም ሰው ገጣሚ ሊሆን የቻለበት ምክንያት

ያልተማረ ሰው በቅጽበት እንዴት ይገጥማል? መልሱ በከፊል በግጥሙ ሥሪት፣ በከፊል በመሳሪያው፣ በከፊል ደግሞ ሰውየው ባደገበት ኑሮ ውስጥ ይገኛል።

ከሥሪቱ እንጀምር። በአዝማሪ ምሽት የሚሰጠው ግጥም አብዛኛውን ጊዜ በወል ቤት የሚለካ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈል፣ በጠቅላላው 12 ቀለም ያለው ነው። ይህ ልክ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ሳለ ጀምሮ በጆሮው የገባ ስለሆነ ማንም ቆጥሮ አይገጥምም፤ የጎደለ ወይም የበዛ ሲመጣ ግን ሁሉም ይሰማዋል። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ለቤት መምቻ የሚሆን መንደርደሪያ ነው፤ ቁም ነገሩ የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ሰጪው መጀመሪያ የሚያስበው የመጨረሻውን ስንኝ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ከያዘ በኋላ በዚያው ፊደል የሚመታ መግቢያ መፈለግ ብቻ ይቀረዋል።

መሰንቆውም ለዚህ አመቺ ነው። መሰንቆ ባለ አራት ማዕዘን፣ በቆዳ የተለበጠ ሳጥንና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሳሪያ ነው፤ የሚመታበት ደጋንም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። አውታሩ አንድ በመሆኑ የዘፋኙን ድምፅ እየተከተለ ያንኑ ዜማ ይደግማል እንጂ ድምፁን አይሸፍንም። በአንድ ስንኝና በሌላው መካከል መሰንቆው ለብቻው የሚያዜማት አጭር ጊዜም አለች። ለአድማጩ ይህች ጊዜ ማሳረፊያ ናት፤ ለሰጪው ግን የማሰቢያ ጊዜው ናት። አዝማሪውም ሰውየው ገና እንዳልጨረሰ ካየ መሰንቆውን ያስረዝምለታል፤ እንደተዘጋጀ ካየ ያሳጥረዋል። በዚህ ዓይነት ሙያተኛው ሙያ የሌለውን ደግፎ ያሳልፈዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የገጠሩ ኑሮ ነው። ሰጪው ጠጅ ቤት ከመግባቱ በፊት ብዙ ቦታ ሲገጥም አድጓል። በደቦና በወንፈል ሥራ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በሠርግ ቤት የሙሽራውና የሙሽራይቱ ወገኖች በግጥም ይነቋቆራሉ። በለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ከተሰበሰቡት ውስጥ ሐዘኑ የባሰበት ወጥቶ የራሱን ይጨምራል። ሴቷም በወፍጮዋ ላይ ለማንም ያልነገረችውን በእንጉርጉሮ ታወጣለች። እነዚህ ሁሉ የግጥም መለማመጃ ቦታዎች ናቸው። ጠጅ ቤቱ በእነርሱ ላይ የጨመረው ነገር ቢኖር የማይተዋወቁ ሰዎች የሚሰሙት መድረክ መሆኑ ነው።

የቅኔ ትምህርት ቤቱም ሊዘነጋ አይገባም። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው። በማሕሌትም ላይ ቅኔውን የሚያበረክተው ሊቅ ቃሉን እየነገረ በዜማ የሚያደርሰው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሥርዓት ከ«ተቀበል» ጋር ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ቃሉን የፈጠረውና ዜማውን የሚያደርሰው ሰው የተለያዩ ናቸው። አንዱ ከሌላው ተወርሷል ለማለት ሳይሆን፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ሰው በቤተ ክርስቲያንም በጠጅ ቤትም አንድ ዓይነት የቃል አሰጣጥ ሲያይ ማደጉን ለማመልከት ነው።

5. ሰሙ የአገሩ ነው

ከላይ የተባለውን በምሳሌ እንመልከት። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አንድ ሰው የሚወዳት ሴት ባለ ሀብት አገባች እንበል። ሰውየው ሐዘኑን በግልጽ መናገር ያፍራል። ስለዚህ እንዲህ ሲል ለአዝማሪው ይሰጣል፦

እንዴት ልድረስ ካንቺ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣
ከማዶ ያስቀረኝ፣ ብር ነው እንዲህ ሞልቶ።

በዚህ አካባቢ የሚፈስ ብር የሚባል ወንዝ አለ፤ የዓባይ ገባር ነው። ብር ሸለቆ የተባለው ቆላም በስሙ የሚጠራ ነው። የአገሩ ሰው ግጥሙን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚታየው ክረምት፣ የሞላ ወንዝና ከማዶ የቀረ መንገደኛ ነው። ይህ ሰሙ ነው። ቀጥሎ «ብር» የሚለው ቃል ወደ ገንዘብ ይዞርና፣ ሰውየውን ከሚወዳት የለየው የሌላው ሰው ሀብት መሆኑ ይገለጣል። ይህ ወርቁ ነው። ሰጪው ማንንም በስም አልነካም፤ ተጠየቅ ቢባል «ስለ ወንዙ ነው» ብሎ ሊምል ይችላል።

አዝማሪው ግጥሙን ከተቀበለ በኋላ ዝም አይልም። ያዘነውን ሰው ለማጽናናት ያንኑ ቃል ይዞ እንዲህ ሊመልስለት ይችላል፦

እስኪጎድል ጠብቀው፣ ክረምቱ ያልፍና፣
ብር ይጎድላል እንጂ፣ ፍቅር አይጎድልምና።

ወንዝ በበጋ ይጎድላል፤ ገንዘብም ያልቃል። አዝማሪው «ሞላ» ለሚለው ቃል «ጎደለ»ን አምጥቶ ሰጪው የከፈተውን ሰምና ወርቅ ሳያፈርስ ዘግቶታል። ሁለቱ ግጥሞች አንድ ሥራ ሆኑ፤ የሁለት ሰዎች ሥራ።

አሁን ይህንኑ ግጥም ብር ወንዝን ለማያውቅ አድማጭ፣ ለምሳሌ ለአዲስ አበባ ሰው፣ በካሴት ወይም በስልክ እናሰማው። የሚሰማው «ገንዘብ ለየን» የሚል አንድ ፍች ብቻ ነው። «ሞልቶ»፣ «ማዶ»፣ «መንገዱ ተዘግቶ» የሚሉት ቃላት ያለ ወንዝ ይቀሩና ግጥሙ ተራ እሮሮ ይሆናል። እንግዲህ እንደዚህ ባለው ግጥም ውስጥ ወርቁ የትም ሊሄድ ይችላል፤ ሰሙ ግን የአገሩ ነው። ግጥሙን ከቦታው፣ ከወቅቱና ከሰሚው ነጥሎ የሚሰበስብ ሰው ወርቁን ይዞ ሰሙን ጥሎ ይመጣል። በሥነ ቃል ጥናት ዐውድ ይመዝገብ የሚባለው ለወግ ያህል ሳይሆን ለዚህ ነው።

6. ቃሉን ማን ተናገረው?

የ«ተቀበል» ሥርዓት ሌላው ጥቅም ኃላፊነትን ማካፈሉ ነው። አዝማሪው «የሰጡኝን ነው የተቀበልሁት» ይላል፤ ሰጪውም «ያዜመው እርሱ ነው» ይላል። በዚህ ክፍተት ውስጥ በሌላ ቦታ የማይባለው ይባላል። ገብጋባ ጎረቤት፣ ያዳላ ዳኛ፣ ጉቦ የለመደ ሹም፣ ቃሉን ያጠፈ ወዳጅ ሁሉ በግጥም ይወቀሳል። የተወቀሰውም ሰው ከተቀመጠ መልሱን በግጥም እንዲሰጥ ይጠበቃል እንጂ ዱላ ቢያነሣ የተሸነፈ ይቆጠራል።

ሥልጣን የያዙ ሰዎች ይህን ኃይል ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የመግደል ሙከራ ከተደረገበት በኋላ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ባሕታውያን ነን ባዮች ብቻ ሳይሆኑ በየቦታው እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችም ይገኙ ነበር። ወራሪው መሰንቆውን የፈራው ለዜማው አልነበረም። በመሰንቆው በኩል የሚያልፈው ቃል ከማን እንደተነሣ ሊታወቅ የማይችል፣ ስለዚህም ተይዞ ሊታሰር የማይችል በመሆኑ ነበር።

በቅርቡ ዘመን ይኸው ኃይል ከጠጅ ቤት ውጭም መታየቱን ለመረዳት ከምዕራብ ጎጃም ወደ ጎረቤቱ ምሥራቅ ጎጃም መሻገር ይጠቅማል። ጌቴ ገላዬ በየትኖራ ገበሬዎች መካከል ባደረገው ጥናት ገበሬዎች በሥራና በበዓል ላይ የሚያወጧቸው ቃል ግጥሞች ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በ1989 ዓ.ም. ስለተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ያላቸውን አስተያየት የሚገልጹባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ፈቃደ አዘዘም ከሰሜን ሸዋ የሰበሰባቸውን የድርቅና የረኃብ ግጥሞች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ገጣሚዎች ድምፅ «ያልተሰማ» ብሎታል። ድምፁ በራሱ መንደር ተሰምቶ ነበር፤ ያልሰማው ከመንደሩ ውጭ ያለው ነው። አንዱ የመሰሚያ ቦታ የነበረው ደግሞ የአዝማሪው ምሽት ነው።

7. ማይክሮፎን፣ ካሴትና ሕግ

የአዝማሪ ሙዚቃ ከገጠር ወደ ትልቅ መድረክ መውጣቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላም ቴአትር ቤቶቹ፣ ለብዙ መሰንቆ መቺዎች እንጀራና ክብር ሰጥተዋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ካሴትም የጎጃምን ዜማ ጎጃምን ላላየው ሰው አድርሷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሌሊት ሰዓት እላፊው ሲነሣ በአዲስ አበባ፣ በተለይ በካዛንቺስ፣ የአዝማሪ ቤቶች በዝተው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የዚያ ሰፈር የምሽት ታሪክም አብሮ ተዘግቷል።

ይሁን እንጂ ትልቁ መድረክ ከ«ተቀበል» ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። በተራው ጠጅ ቤት ውስጥ የአዝማሪው ጉሮሮና የአድማጩ ጉሮሮ እኩል ናቸው፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ቢናገር ይሰማል። የድምፅ ማጉያ በገባበት ቤት ግን ማይክሮፎኑን የያዘው ብቻ ይሰማል። አድማጩ «ተቀበል!» ቢል ድምፁ በማጉያው ይዋጣል፤ ኦርጋኑና ከበሮው ሲጨመር ደግሞ ያቺ የመሰንቆ ማሳረፊያ፣ የማሰቢያዋ ጊዜ፣ ትጠፋለች። በውጭው ዓለም መድረኩን ክፍት ያደረገው ማይክሮፎን ነው ሲባል፣ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ መድረኩን የዘጋው ማይክሮፎን ነው። መድረክ ላይ የባህል ልብስ ለብሶ፣ አስቀድሞ የተጠና ግጥም የሚያዜም አዝማሪ ጥሩ ዘፋኝ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የማይቀበል አዝማሪ ግን የአዝማሪነትን ግማሽ ትቶታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። በጠጅ ቤት የተሰጠ ግጥም በአዝማሪው አእምሮ ይቀራል፤ ጥሩ ከሆነ በሌላ ቤት ይደገማል፤ አንድ ቀን በታወቀ ድምፃዊ ካሴት ላይ ሊገኝ ይችላል። በቃል ብቻ ሲዘዋወር ይህ ችግር አልነበረም፤ ማንም ከማንም ይወስድ፣ ለማንም ይሰጥ ነበር። ገንዘብ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ሲሆንና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። የጠጅ ቤቱ ገጣሚ ሥራ ወጥ ነው፤ ነገር ግን አልተጻፈም፣ አልተቀረጸም። የመጀመሪያው ቀራጭ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉ የተጻፈው ማንንም ለመበደል ባይሆንም፣ በተግባር ግጥሙን የሰጠው ሰው ከካሴቱ ሽፋን ላይ ስሙ ይቀራል፤ ግጥሙም «የሕዝብ» ተብሎ ይታለፋል። «የሕዝብ» የተባለው ግጥም ሁሉ ግን አንድ ቀን በአንድ ሰው አፍ የተነገረ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ። በየጠጅ ቤቱ የተቀረጸ ምስል ያለ ቦታና ያለ ቀን፣ አንዳንዴም ሰጪው ሳይፈቅድ፣ ከአገር አገር ይሻገራል። ለዘመድ ቤት የተነገረች የቀልድ ነቀፌታ በሺህ የሚቆጠር የማያውቃት ሰው ሲሰማት ስድብ ልትሆን ትችላለች። ከላይ ያየነው የኃላፊነት ክፍተትም ይደፈናል፤ ሰጪው ፊቱ በምስል ታይቷልና። ሰው ይህን ከፈራ ደግሞ «ተቀበል» ማለቱን ይተዋል።

8. ማጠቃለያ

ለ«ተቀበል» ምሽት ከመሰንቆውም ከጠጁም በፊት የሚያስፈልገው ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ጦርነት ለዚህ አካባቢ ከባድ ሆኗል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀውና እስከ ግንቦት 2016 ድረስ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስብሰባን ለመከልከልና የሰዓት እላፊ ለመጣል ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የከተማው ሆስፒታል ባለሙያ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። መሽቶ ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው በሚጠረጠርበት ጊዜ ማንም ለማያውቀው ሰው ጆሮ ልቡን በግጥም አይሰጥም። የምሽቱ መቋረጥ የመዝናኛ መቋረጥ ብቻ ተደርጎ መታየት የሌለበትም ለዚህ ነው፤ ሰዎች ሳይጣሉ የሚወቃቀሱበት አንድ መንገድ ይዘጋልና።

የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን ይህን መንገድ በራሳችን ኃይል ልንከፍተው አንችልም። ልንሠራው የምንችለው ግን አለ። ቃል ግጥም ስንሰበስብ ከአዝማሪው ስም አጠገብ የሰጪውን ስም፣ እርሱ ከፈቀደ፣ እንጻፍ። ካልፈቀደም «የሕዝብ» ብለን ከማለፍ ይልቅ «ከአንድ ገበሬ»፣ «ከአንዲት ጠላ ሻጭ» ብለን ሰው መሆኑን እንመስክርለት። ግጥሙ በምን ወር፣ በማን ፊት፣ ምን ከተባለ በኋላ እንደተሰጠ እንመዝግብ፤ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ጎጡን በስማቸው እናስፍር፤ ሰሙ ያለው በእነርሱ ውስጥ ነውና። የአዝማሪውንም መልስ ከሰጪው ግጥም አንነጥል። በበዓላትና በባህል ዝግጅቶች ላይ አዝማሪ የሚጋብዙ አዘጋጆችም ቢቻል ለአንዲት ሰዓት ማጉያውን ዘግተው አድማጩን «ማን አለ የሚሰጥ?» ብለው ይጠይቁ።

ከበደ ሚካኤል «አዝማሪና ውሃ ሙላት» በሚለው ግጥማቸው ለሞላ ወንዝ የሚዘፍን አዝማሪ አሳይተውናል። ያ አዝማሪ ዜማም መሰንቆም አልጎደለውም፤ የጎደለው ሰሚ ነው። በምዕራብ ጎጃም ያለው አዝማሪ ከዚያኛው የሚለየው ሰሚ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ስላለው ነው። ቃሉን የሚሰጠው ሰው ከወንበሩ እስካልተነሣ ድረስ መሰንቆው የሚያዜመው አያጣም።